ያልታረሰ መሬት፣ ያልተከፈለ ግብር፦ የጋምቤላ ባለሀብቶችና የእፎይታው ታሪክ

ስለ ጋምቤላ ሰፋፊ እርሻዎች የሚወራው ሁሌም ተቆራርጦ ነው። አንዱ ስለ ካሩቱሪ ሰምቷል፤ ሌላው ስለ ሳዑዲ ስታር ሩዝ ያውቃል፤ ሦስተኛው በእርሻ ስም ተበድሮ አዲስ አበባ ላይ ፎቅ ስላቆመ ሰው ቡና ሲጠጣ የሰማውን ያወራል። ሦስቱንም ወሬ የሚያያይዘውና ብዙ ጊዜ ሳይነሳ የሚታለፈው ጉዳይ ግብር ነው። ግብር ማሳነስ ሲባል ብዙዎቻችን ደረሰኝ አለመቁረጥና ሁለት መዝገብ መያዝ ይመጣብናል። የትልልቆቹ ባለሀብቶች መንገድ ግን በአብዛኛው ሕጋዊ ነው፤ በነጋሪት ጋዜጣ የታወጀ፣ በማኅተም የጸደቀ፣ በሂሳብ አዋቂ የተሰላ። ይህ መንገድ እንዴት ተጠርጎ ጋምቤላ እንደደረሰ ከመጀመሪያው እንከተለው። እ.ኤ.አ. ተብሎ ካልተጠቀሰ በስተቀር ዓመቶቹ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

ከ1894 እስከ 1949፦ ባሮ ዳር የተከራየ መሬት

አፄ ምኒልክ ግንቦት 7 ቀን 1894 ከእንግሊዝ ጋር የተፈራረሙት ውል በዋናነት የሱዳንን ድንበር የሚመለከት ነው። አራተኛው አንቀጽ ግን ስለ ንግድ ይናገራል። ኢታንግ አካባቢ ባሮ ዳር፣ በወንዙ በኩል ርዝመቱ ከ2,000 ሜትር፣ ስፋቱም ከ400 ሄክታር የማይበልጥ ቦታ ለሱዳን መንግሥት ይከራያል፤ ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ አስተዳደር ሥር እስካለች ድረስ የንግድ ጣቢያ ሆኖ ያገለግላል፤ ለፖለቲካም ሆነ ለጦር ጉዳይ አይውልም። ጣቢያው በመጨረሻ የተቋቋመው ጋምቤላ ላይ ነው።

ክረምት ገብቶ ባሮ ሲሞላ የእንፋሎት ጀልባዎች ከካርቱም ይመጣሉ። ጨርቁንና ጨዉን አራግፈው ከጎሬና ከወለጋ ደጋ የወረደውን ቡና፣ ቆዳና ሰም ጭነው ይመለሳሉ። በጋ ሲሆን ወንዙ ይጎድላል፣ ንግዱም ይተኛል። የግሪክና የሶሪያ ነጋዴዎች መጋዘን ሠርተው የከረሙት በዚህ ዘመን ነው። ገቢ ግብር የሚባል ነገር እስከ 1936 ድረስ ስላልነበረ መንግሥት ከዚህ ሁሉ የሚጠብቀው ቀረጥ ብቻ ነበር።

ይህን ምዕራፍ ሳላነሳው ያላለፍኩት አንድ ልማድ እዚህ ስለተጀመረ ነው። ማዕከላዊው መንግሥት ለሩቁ ቆላ መንገድም ገንዘብም አልነበረውም። ስለዚህ ገንዘብ ላለው ሰው መሬትና መብት ሰጠው፤ እሱ ደግሞ ንግድ አመጣ። ሱዳን ነፃ ከወጣች በኋላ፣ በ1949፣ ጣቢያው ለኢትዮጵያ ተመለሰ። ሩቅ አገር ድረስ የሚመጣን ባለገንዘብ ማባበያ ያስፈልገዋል የሚለው ሐሳብ ግን እዚያው ቀረ፤ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላም በግብር ሕግ ውስጥ እናገኘዋለን።

ከ1936 እስከ 1966፦ ገቢ ግብር ከነማባበያው

ዘመናዊው የገቢ ግብር አዋጅ የወጣው ጣሊያን ከተባረረ በኋላ፣ በ1936 ነው። ደመወዝተኛውም ነጋዴውም ግብር ከፋይ ሆነ። በ1953 የወጣው አዋጅ ቁጥር 173 ሥርዓቱን አጠናክሮ እስከ 1994 ድረስ፣ በየጊዜው እየተሻሻለ፣ መሠረት ሆኖ አገለገለ። ንጉሣዊ መንግሥት፣ ደርግና ኢሕአዴግ በአንድ የገቢ ግብር አዋጅ ላይ ተራ በተራ መሥራታቸው ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ነው።

ግብሩን ነፃነቱም ተከትሎት መጣ። በ1959 የወጣው የኢንቨስትመንት አዋጅ ቁጥር 242 አዲስ ድርጅት ለሚያቋቁም ባለገንዘብ ለዓመታት ከገቢ ግብር ነፃ መሆንን፣ ማለትም የግብር እፎይታን፣ ፈቀደ፤ የእርሻ መሣሪያም ከቀረጥ ነፃ ይገባ ጀመር። ውጤቱ ቶሎ የታየው አርሲ፣ ጭላሎ ውስጥ ነው። የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ በአጭሩ ካዱ፣ የተቋቋመው ትንንሽ ገበሬዎችን ለመርዳት ነበር። ባለ መሬቶቹ ግን ምርጥ ዘሩንና ማዳበሪያውን አይተው፣ ያለ ቀረጥ የገባ ትራክተር ከቀረጥ ነፃ በሆነ ነዳጅ እየነዱ፣ በመሬታቸው ላይ ለትውልድ የኖረውን ጭሰኛ ማስነሳት ጀመሩ። ጭሰኛውን ከትራክተሩ ጋር ባወዳደሩበት ስሌት ትራክተሩን ያረከሰው የመንግሥት ቀረጥ መቅረቱ ነበር። እፎይታው ለማን ታስቦ ለማን እንደሚደርስ ማሳያ የሚፈልግ ሰው ከጭላሎ የተሻለ አያገኝም።

ሌላው መታጠፊያ በ1960 የወጣው የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ ነው። አስራት ቀርቶ በትክክለኛው ገቢ ልክ ይከፈል የሚል ነበር። ባለ መሬቶች በበዙበት ፓርላማ አልፎ ሲመጣ ጥርሱ የወለቀ ሕግ ሆነ። ጎጃም ላይ ደግሞ ገበሬው ርስቴን ሊለኩብኝ ነው ብሎ አመፀ፤ መንግሥት ጦር ልኮም አልሆነለት፣ በመጨረሻ ውዝፉን ምሮ ወደ ኋላ ተመለሰ። በዚያው ሰሞን የመንግሥት ሠራተኛው ግብር ግን ደመወዙ እጁ ሳይገባ ይቆረጥ ነበር።

ከ1967 እስከ 1983፦ ባለሀብት የሌለበት ዘመን

የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት የሕዝብ ሆነ። ደርግ የገቢ ግብሩን ጣሪያ እስከ 85 በመቶ አደረሰው። በዚህ መጠን ላይ እፎይታና ኪሳራ የሚያሰላ ነጋዴ አልነበረም፤ ያለው አማራጭ መደበቅ ነበርና ደበቀ።

ጋምቤላ በዚህ ዘመን ያገኘችው የመንግሥት እርሻና ሰፋሪ ነው። ከ1977ቱ ድርቅ በኋላ ከሰሜን የመጡ በሺዎች የሚቆጠሩ ቤተሰቦች አኝዋኮች በኖሩበት ምድር ሰፈሩ። በሶቪየቶች እርዳታ አቦቦ አጠገብ የአልዌሮ ግድብ ተገነባ፤ ዓላማው ሰፊ የመስኖ እርሻ ነበር። ግድቡ ሲያልቅ መንግሥቱም አለቀና ውሃው ለዓመታት ተጠቃሚ አጥቶ ተኛ። ያን ውሃ ማን እንዳገኘው ወደፊት እናየዋለን።

ከ1984 እስከ 1999፦ ሕጉ በር ይከፍታል

ኢሕአዴግ አዲስ አበባ በገባ በዓመቱ፣ በ1984፣ የኢንቨስትመንት አዋጅ አወጣ። በየጥቂት ዓመቱ እየተተካ፣ እየሰፋ ሄደ። ለታሪካችን ግን ሁለት ሕጎች ዋናዎቹ ናቸው፤ ሁለቱም ከአንድ ዓመት ባነሰ ልዩነት ውስጥ የወጡ።

የመጀመሪያው የ1994ቱ የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 286 ነው። የድርጅቶችን ትርፍ ግብር 30 በመቶ አደረገው። ኪሳራ የደረሰበት ድርጅት ኪሳራውን ለሚቀጥሉት ሦስት ዓመታት አሸጋግሮ ከትርፉ ላይ እንዲቀንስም ፈቀደ፤ መዝገቡ በውጭ ኦዲተር ተመርምሮ በግብር ሰብሳቢው ተቀባይነት ካገኘ። የተበደረ ሰው ወለዱን በወጪነት ይይዛል፤ ማሽን የገዛ የማሽኑን የእርጅና ቅናሽ በየዓመቱ 20 በመቶ እያሰላ ይቀንሳል። በዚሁ አዋጅ ደመወዝተኛው ከ150 ብር በላይ ግብር መክፈል ይጀምር ነበር፤ ከ5,000 ብር በላይ ያገኘው ላይ ደግሞ 35 በመቶ ይቆረጥበት ነበር። የቤት ኪራይ ተወደደብኝ፣ ልጄን ለማሳከም ተበደርኩ፣ ዘንድሮ ከስሬያለሁ ቢል የሚያስመዘግብበት ቅጽ የለውም።

ሁለተኛው በ1995 የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 84 ነው። እርሻን ጨምሮ በተመረጡ መስኮች ለተሠማራ ባለሀብት የግብር እፎይታ ሰጠ፤ እፎይታው ምርቱን ወደ ውጭ ለሚልክ ይረዝማል፤ እንደ ጋምቤላና ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ባሉ ታዳጊ ክልሎች ለሚሠራ ደግሞ አንድ ዓመት ይጨመርለታል። ከዚያም ላይ በእፎይታው ጊዜ የከሰረ ሰው፣ እፎይታው ካለቀ በኋላ፣ የእፎይታውን ግማሽ ያህል ዓመት ኪሳራውን ማሸጋገር ይችላል። ግብር በማይከፍልበት ዘመን ያስመዘገበው ኪሳራ ግብር በሚከፍልበት ዘመን ያገለግለዋል ማለት ነው። ደግሞም እፎይታው መቆጠር የሚጀምረው ፈቃድ ከወጣበት ቀን ሳይሆን ምርት ከተጀመረበት ነው። ማረስን የሚያዘገይ ሰው በእፎይታው በኩል የሚያጣው ነገር የለም።

ሕጉን የጻፉት ሰዎች ተንኮል አስበው ነው አልልም። አዲስ እርሻ መጀመሪያ ላይ እንደሚከስር የታወቀ ነው፤ ኪሳራን አለመቁጠር ደግሞ ሐቀኛውን ይጎዳል። ይህ ድንጋጌ በሌሎች አገሮችም አለ። ጉድለቱ ሌላ ቦታ ነው፤ ጥቅሙ የታሰረው ከወረቀቱ ጋር ሆነ። የኢንቨስትመንት ፈቃድ፣ የመሬት ካርታ፣ የአዋጭነት ጥናትና የኦዲት ሪፖርት ከተሟላ ሰሊጡ ይብቀል አይብቀል ሄዶ የሚያይ ሰው አልነበረም። ጋምቤላ ደግሞ ከአዲስ አበባ በመኪና ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው።

ከ2000 እስከ 2004፦ የመሬት ጥድፊያ

በ2000 የዓለም የእህል ዋጋ ሲንር ገንዘብ ያላቸው አገሮችና ኩባንያዎች የአፍሪካን መሬት መፈለግ ጀመሩ። የኢትዮጵያ መንግሥት በበኩሉ ከ3 ሚሊዮን ሄክታር በላይ መሬት ለባለሀብት ለየሁ አለ። ከ5,000 ሄክታር በላይ የሆነውን ክልሎች በውክልና ለፌዴራሉ ግብርና ሚኒስቴር አስረከቡ። የጋምቤላ አውሮፕላን ማረፊያ፣ ከከተማዋ ወደ ደቡብ፣ በአቦቦ በኩል ወጣ ብሎ ያለው፣ ካርታና ጂፒኤስ የያዘ እንግዳ የሚያስተናግድበት ዘመን መጣ። በአውሮፕላን ጠዋት ወጥቶ መሬት አይቶ መመለስ ይቻላል፤ በመኪና ግን መንገዱ ራሱ ቀናት ይወስዳል። ብዙው ባለሀብት መሬቱን ያወቀው እንዲህ ነው።

ከሁሉ የገነነው የባንጋሎሩ ካሩቱሪ ግሎባል ነው። ሆለታ ላይ ጽጌረዳ ሲያመርት የቆየው ይህ ኩባንያ ኢታንግና ጂካዎ ላይ 300,000 ሄክታር ተባለለት። በጥቅምት 2003 በተፈረመው ውል 100,000 ሄክታር ለ50 ዓመት ተሰጠው፤ ቀሪው በሥራው ታይቶ ይጨመራል ተባለ። ኪራዩ ለአንድ ሄክታር በዓመት 20 ብር ነበር። ለመቶ ሺህ ሄክታር በዓመት 2 ሚሊዮን ብር ይሆናል፤ በወቅቱ ምንዛሪ ከ130 ሺህ ዶላር ያነሰ። ትርፉ በእፎይታ ከግብር ነፃ በሆነበት ጊዜ መንግሥት ከመሬቱ በቀጥታ የሚያገኘው ይህችኑ ኪራይ ነው።

ሳዑዲ ስታር ሌላው ነበር። የሼክ መሐመድ አላሙዲ ኩባንያ አቦቦ ላይ 10,000 ሄክታር ለሩዝ ወሰደ። ከደርግ ዘመን ጀምሮ ተኝቶ የቆየው የአልዌሮ ውሃም ለእርሱ እርሻ ሊውል ሆነ። የሶቪየት መሐንዲሶች ለመንግሥት እርሻ የገደቡት ውሃ ለአገሪቱ ቀዳሚ ባለሀብት ተረፈ። በኢታንግ ቢኤችኦ የተባለ ኩባንያ፣ በጎደሬ የመዠንግሮች ጫካ ውስጥ ደግሞ ለሻይ ተክል የመጣው ቬርዳንታ ሃርቨስትስ ነበሩ። ከእነዚህ ጎን በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ባለሀብቶች ከክልሉ ከጥቂት መቶ እስከ ጥቂት ሺህ ሄክታር እየወሰዱ ተሰለፉ።

የነዋሪውን ጉዳይ ሳያነሱ ማለፍ አይቻልም። በነዚሁ ዓመታት መንግሥት በሦስት ዓመት 45,000 አባወራዎችን በመንደር ለማሰባሰብ አቅዶ ነበር። ለአገልግሎት ነው፣ በፈቃደኝነት ነው ይል ነበር፤ ሂውማን ራይትስ ዎች ደግሞ በግዴታ የተነሡ እንዳሉ ዘገበ። ሚያዝያ 20 ቀን 2004 ታጣቂዎች የሳዑዲ ስታርን ካምፕ አጥቅተው ቢያንስ አምስት ሰዎች ገደሉ። ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ባሮ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ የካሩቱሪን የበቆሎ ማሳ አጥለቅልቆታል። ኩባንያው የሠራው ረጅም መከላከያ አፈር አላቆመውም። አኝዋክና ኑዌር ባሮን የሚያውቁት በመሙላቱ ነው፤ በውሃ መሸሻ ላይ የሚዘራ ገበሬ ባለበት አገር ይህን የሚጠይቅ አልተገኘም።

ስለዚህ በጋምቤላ የተመዘገበው ኪሳራ ሁሉ የወረቀት ኪሳራ አይደለም። ከስረው ትራክተራቸውን ጥለው የሄዱ፣ ጎርፍና ጥይት ያባረራቸው፣ ንብረታቸውን ያጡ ሰዎች ነበሩ። አስቸጋሪው ነገር የእውነተኛውም የወረቀቱም ኪሳራ በግብር ቢሮው ጠረጴዛ ላይ አንድ ዓይነት መልክ መያዙ ነው።

ከ2005 እስከ 2008፦ ብድር፣ ትራክተር፣ ኪሳራ

በኅዳር 2005 ደንብ ቁጥር 270 ወጣ። ለጋምቤላ የተሰጠው ማባበያ ከፊተኛው በለጠ። የእፎይታው ዘመን ካለቀ በኋላም ባለሀብቱ ለሦስት ተከታታይ ዓመታት ከሚከፍለው ገቢ ግብር 30 በመቶ እንዲቀነስለት ሆነ፤ በጋምቤላ፣ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ፣ በሶማሌ፣ በአብዛኛው አፋርና በደቡብ ኦሞ እንዲሁም በተዘረዘሩ ሌሎች ጠረፋማ ዞኖች። ኪሳራ ማሸጋገሩም እንዳለ ቀጠለ።

ይህ በተግባር እንዴት እንደሚሠራ በምሳሌ እንየው። 100 ሚሊዮን ብር የተገመተ የሰሊጥና የጥጥ እርሻ ይኑር። የኢትዮጵያ ልማት ባንክ 70 ሚሊዮኑን ያበድራል፤ ባለሀብቱ 30 ሚሊዮኑን ያዋጣል። ወለዱ በዓመት 8.5 በመቶ ቢሆን ወደ 6 ሚሊዮን ብር ይጠጋል። የ40 ሚሊዮን ብር ትራክተር፣ ዶዘርና መኪና በ20 በመቶ ሲያረጅ 8 ሚሊዮን ብር ይሆናል። ባለሀብቱ ጥቂት መቶ ሄክታር ብቻ አርሶ 4 ሚሊዮን ሸጠ፤ ለነዳጅ፣ ለአረምና ለጥበቃ 5 ሚሊዮን አወጣ። ዓመቱ ሲዘጋ መዝገቡ ላይ ያለው ኪሳራ ወደ 15 ሚሊዮን ብር ነው። በ30 በመቶ ግብር ሲሰላ ይህ ኪሳራ ለወደፊቱ 4.5 ሚሊዮን ብር ግብር የሚያስቀር ነው። ከኪሱ የወጣው ግን ከመዝገቡ ያነሰ ነው፤ ትልቁ ቁጥር የባንክ ገንዘብ ያመጣው ወለድና እርጅና ነውና። ወለዱንም ገና ላይከፍለው ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት አለበት። የአንድ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ኪሳራ የሚቀነሰው ከራሱ ትርፍ ላይ ነው፤ ባለቤቱ በሌላ ማኅበር ስም ከሚነግደው ብረት ወይም ከሚያከራየው ፎቅ ላይ አይደለም። ሕጉ በዚህ በኩል አጥር አለው። ብልጠቱ የሚመጣው አጥሩን በመዝለል ነው። በግል ስሙ የሚነግድ ሰው የንግድ ገቢው ሁሉ ተደምሮ ስለሚሰላ የአንዱ ሥራ ኪሳራ የሌላውን ትርፍ ይበላለታል። የተለያዩ ማኅበራት ያሉት ደግሞ የእርሻውን ወጪ ግብር ወደሚከፍለው ድርጅት ያዛውራል፤ ትርፉን እፎይታ ወዳለው እርሻ ያስገባል፤ የእርሻው ነዳጅና ደመወዝ ሂሳብ ግብር ከፋዩ ድርጅት ላይ ይጻፋል። በዘመድ ድርጅቶች መካከል የሚደረግ ሽያጭ በገበያ ዋጋ ይሁን የሚል አንቀጽ በ1994ቱ አዋጅ ውስጥ ነበረ፤ እሱን የሚያስፈጽም ዝርዝር መመሪያ ግን ለዓመታት አልነበረም።

ከቀረጥ ነፃው መብት ግን ትርፍ እስኪመጣ መጠበቅም አያስፈልገውም። በዚህ አገር አንድ ፒክአፕ ሲገባ ጉምሩክ፣ ኤክሳይስ፣ ቫትና ሱር ታክስ እየተደራረቡ ዋጋውን ሰማይ ያደርሱታል። የእርሻ ፈቃድ ያለው ሰው ይህን ሁሉ ዘሎ ያስገባ ነበር። ለጋምቤላ ጭቃ ተብሎ የገባ ፒክአፕ በአዲስ አበባ አስፋልት ላይ መታየቱ ለከተማው ሰው አዲስ አልነበረም።

ካሩቱሪን ደግሞ ያጋለጠው ኬንያ ነው። የኬንያ ገቢዎች ባለሥልጣን ኩባንያው እዚያ የሚያመርተውን አበባ ለራሱ የውጭ ድርጅቶች በአነስተኛ ዋጋ እየሸጠ ትርፉን ከኬንያ አውጥቷል ብሎ እ.ኤ.አ. በ2012 ወደ 11 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ግብር ጠየቀው። ኩባንያው ቢከራከርም ጉዳዩ የአፍሪካ መንግሥታት ከትልቅ የውጭ አምራች ጋር በግብር ለመሟገት እንደሚችሉ ምሳሌ ተደርጎ በሰፊው ተነገረ። በእኛ አገር የተነሣበት ጥያቄ የግብር አልነበረም። በታኅሣሥ 2008 የጋምቤላው ውል የተሰረዘው ከ100,000 ሄክታሩ ያለማው 1,200 ብቻ ነው ተብሎ ነው።

በ2008 እና በ2009 የመንግሥት ጥናት ቡድን ጋምቤላ ላይ ያየውን ሲናገር ወሬው ቁጥር አገኘ። ከ600 በላይ ባለሀብቶች ከ630,000 ሄክታር በላይ መሬት ወስደዋል፤ የለማው 76,000 ሄክታር ገደማ ብቻ ነው፤ ከስምንት እጅ አንዱ ማለት ነው። የአንዱ ካርታ በሌላው ላይ ተደርቦ የተሰጠባቸው ቦታዎች በርካታ ነበሩ። በአንድ መሬት ላይ ሁለት ካርታ ካለ ሁለት ብድር ሊኖር ይችላል። በእርሻ ስም የወጣ ብድር ለሌላ ሥራ መዋሉም ተገለጸ። ልማት ባንክ በዝናብ ለሚለማ እርሻ የሚሰጠውን ብድር አገደ። ባለሀብቶቹ መደራረቡ የመሬት አስተዳደሩ ጥፋት ነው፣ መንገድም ጸጥታም አልተሟላልንም ብለው ተከራከሩ። ግማሽ እውነት አላቸው፤ ካርታውን የሰጣቸው መንግሥት ነውና።

ሰባ ሚሊዮን ብሩ የማይመለስ ብድር ሲሆን ኪሳራው ወደ ባንኩ ይዞራል። በ2011 ገደማ የልማት ባንክ የተበላሸ ብድር ወደ 40 በመቶ ተጠግቶ ነበር፤ ባንኩ እንዳይወድቅ ካፒታሉ በመንግሥት ገንዘብ ተደገፈ። የመንግሥት ገንዘብ ደግሞ ያው ከደመወዝ የሚቆረጠው፣ ከሳሙናና ከዘይት ላይ በቫት የሚሰበሰበው ነው።

ከ2008 እስከ 2017፦ ኪሳራ ላይ ገደብ

አዲሱ የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 በ2008 ወጣ። ኪሳራ ማሸጋገሪያውን ወደ አምስት ዓመት አረዘመው፤ ሆኖም ማሸጋገር የሚቻለው የሁለት ዓመት ኪሳራን ብቻ ነው። የአሥር ዓመት ኪሳራ እያሸጋገሩ መኖር አይቻልም። በኦዲት የተረጋገጠ መዝገብ ማቅረብ ግን አሁንም ያስፈልጋል፤ መዝገብ የሚይዘው ደግሞ ሂሳብ አዋቂ መቅጠር የሚችለው ነው።

መዝገብ የሌለው ሰው ምን እንደሚገጥመው በሐምሌ 2009 ታየ። የደረጃ «ሐ» ነጋዴዎች፣ ሻይ ቤት፣ ኪዮስክና ፀጉር ቤት ያላቸው፣ የቀን ገቢ ግምት መጣላቸው። ገማቾች በሱቁ በር ላይ ቆመው በዚህ ያህል ይሸጣል ብለው የጻፉት ቁጥር የዓመቱ ግብር መነሻ ሆነ። አምቦና ወሊሶን ጨምሮ በኦሮሚያ ከተሞች ሱቆች ተዘጉ፤ አዲስ አበባም ላይ ቅሬታው ገነፈለ። ቁርጥ ግብር የሚከፍል ሰው ኪሳራ የለውም። ቢቃጠልበትም ቢዘረፍበትም በግምቱ ይከፍላል፣ አለዚያ አቤት ብሎ ይጠብቃል።

በዓለም ላይ ይህ ጥያቄ ቀድሞ ተነሥቷል። እ.ኤ.አ. በ1969 የአሜሪካ የግምጃ ቤት ኃላፊ ከ200,000 ዶላር በላይ ገቢ ኖሯቸው አንድም የፌዴራል ገቢ ግብር ያልከፈሉ 155 ሰዎች እንዳሉ ለምክር ቤቱ ሲናገር አገሩ ተቆጣ፤ ዝቅተኛ ግብርም ተደነገገ። ለመዝናኛ ያህል በሚያዝ እርሻ ኪሳራ ግብር ማሳነስ እንዲገደብ የተደረገውም በዚያው ዓመት ነው። የካሩቱሪ አገር ህንድም ለባለ አክሲዮን ትርፍ እያከፋፈሉ ለመንግሥት ዜሮ የሚያሳዩ ኩባንያዎችን ለመያዝ እ.ኤ.አ. በ1987 ተመሳሳይ ግብር ጀመረች፤ ትታው ቆይታም እ.ኤ.አ. በ1996 መለሰችው።

ኢትዮጵያ ወደዚህ የደረሰችው በሐምሌ 2017 ነው። የተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 1395 ለደመወዝተኛው ከግብር ነፃ የሆነውን ገቢ ወደ 2,000 ብር ከፍ አድርጎ፣ 35 በመቶው ከ14,000 ብር በላይ እንዲጀምር አደረገ። ለድርጅቶች ደግሞ ዝቅተኛ አማራጭ ግብር አመጣ። ከስሬያለሁ የሚል ወይም በትርፉ ተሰልቶ የሚመጣበት ግብር ከዓመታዊ ሽያጩ 2.5 በመቶ የሚያንስ ድርጅት ያንን 2.5 በመቶ ይከፍላል። ወለዱን፣ እርጅናውንና ከአምና የተሸጋገረውን ኪሳራ ደርድሮ ዜሮ ላይ መድረስ አልተቻለም። ሐቀኛ ከሳሪው፣ ባሮ ያጥለቀለቀበት ገበሬ ጭምር፣ በዚህ ሕግ ይጎዳል፤ በንግድ ምክር ቤቶችም በኩል የተሰማው ተቃውሞ ይኸው ነበር። መንግሥት ማንኛው ኪሳራ እውነተኛ እንደሆነ መለየት ሲያቅተው ሁሉንም በሽያጭ መለካት መረጠ።

አዲሱ ግብር የሚሰላው ከሽያጭ መሆኑ ግን ከላይ ያየነውን የጋምቤላ ጥናት ያስነሣል። ከ630,000 ሄክታር ውስጥ ያልታረሰው 550,000 ሄክታር ገደማ ምንም አልሸጠም። ብድር ተወስዶበታል፣ ትራክተር ከቀረጥ ነፃ ገብቶበታል፣ ካርታው በባንክ ካዝና ውስጥ ተቀምጧል፤ የሽያጭ መዝገቡ ግን ባዶ ነው። የባዶ 2.5 በመቶ ደግሞ ባዶ ነው፤ እንዲህ ያለውን ይዞታ የሚደርስበት ውሉን የሰጠው የመሬት ክፍል እንጂ ገቢዎች ሚኒስቴር አይደለም።